ለምድር ሲባል የጠፋ ሂተር

ለምድር የሚያስብ ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ እስካሁን እግሬ አልሞቀም።

ጋሽ ከድር በሰው አገር፣ ሜፕልዉድ በሚባል ብርዳም ከተማ ውስጥ የሐበሻ ሱቅ አላቸው። ስለ ቢዝነስና ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚያወራ ስብሰባ ሄደው ሲመለሱ ሱቃቸውን «ግሪን»፣ ማለትም ለአካባቢ የሚያስብ፣ አደረጉት። መጀመሪያ በሩ ላይ ቅጠል አሳሉ። ቀጥሎ በርበሬው ተወደደ፤ ለምን አይወደድ፣ ቅጠል ያለበት ሱቅ ውስጥ ነው እኮ የተቀመጠው! በመጨረሻ በጃንዋሪ፣ በዚያ ሁሉ በረዶ፣ ሂተሩን አጠፉት።

ካሸሯ ዘይነባ በጓንት ሳንቲም መመለስ አቅቷት ትንቀጠቀጣለች። እሳቸው ካፖርታቸውን ደርበው ወረፋ የያዝነውን ያስተምራሉ።

«ምድር እየሞቀች ነው! ትርፍ ብቻ ምን ያደርጋል? ለልጆቻችን እናስብ እንጂ!»

ምድር እየሞቀች ነው አሉ። ታዲያ ሜፕልዉድ የት ነው ያለው?

ውጭ ግን ትልቁ መኪናቸው ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩ እንደተነሳ ቆሟል። ምነው ቢሉ፣ ማታ ሲገቡበት ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝባቸው።

ዘይነባ በመስኮት አየችው፤ ካሹን ቆለፈችና ወጥታ መኪናው ውስጥ ገባች። እኛስ ምን ቀረን? ተከተልናት። ጋሽ ከድር እየሮጡ መጥተው በሩን በረገዱት።

«ውረዱ! ቤንዚኔን ፈጃችሁት እኮ!»

«ጋሼ፣ እኛም ለምድር ብለን ነው» አለች ዘይነባ። «ለባዶ ወንበር ከሚነድ ለሰው ቢነድ አይሻልም? ይልቅ ይግቡና በሩን ይዝጉት፤ ሙቀት ማባከን ጥሩ አይደለም።»

ገቡ። ምን ያድርጉ፣ ሱቁ ይበርዳል።