አባባ ከአራተኛ ፎቅ የወረዱበት ዕለት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ፣ «ቤታችሁን ለቃችሁ ውጡ» ብትባሉ ማን ቤት ትሄዳላችሁ? ቸኩላችሁ አትመልሱ፤ እኔ ቸኩዬ መልሼ ነው ጉድ የሆንኩት። ከኢሪያው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ ደወለችና «ምናልባት ጦርነቱ ቢከፋ ከከተማችን ከአፉላ ወጥታችሁ የምታርፉበት ቦታ አዘጋጅታችኋል?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። «የኔ እመቤት፣ እኛ እኮ ዘመድ አለን» አልኳት፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠው ሆቴል ዘመድ ለሌለው ይሁን በሚል ድምፅ። አመስግናኝ ዘጋች። ስልኩን አስቀምጬ ዘመዶቼን አንድ በአንድ በሐሳቤ ስዞራቸው ግን ሳቄ ቀስ እያለ ጠፋ።

በአባቶቻችን ጊዜ መንገደኛ ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር። «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባላል፤ አለቀ። ዛሬ ቤቱ የባንክ ነው። ዘመድማ ሞልቶናል፣ ክፉ አይንካብኝ፤ ግን አንዱ ዘንድ ያገባችው ልጅ ከነባሏ ተመልሳለች፣ አንዱ ዘንድ ጥጃ የሚያክል ውሻ ገብቷል፣ አንዱ ደግሞ ቤቱን እያፈረሰ ሊያድስ ነው፤ ይኸው ሊያድስ ነው ስንባል ስንት ክረምት አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ለራሴ ቢሆን አውቶቡስ ጣቢያም አድር ነበር። ያስጨነቁኝ አባባ ናቸው፣ አባቴ። እሳቸው፣ እኔና ልጄ ሺራ የምንኖረው ሊፍት በሌለው አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዳዲሶቹ ቤቶች ማማድ የሚሉት በወፍራም ሲሚንቶ የተሠራ መጠለያ ክፍል አላቸው፤ እኛ ያለን ከምድር በታች ያለ የጋራ መጠለያ ነው። የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ሺራ ደረጃውን እየዘለለች ትወርዳለች። አባባ ጉልበታቸው እንኳን ደረጃ አልጋም አያስወርዳቸው። ከመስኮት አርቄ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣቸውና አጠገባቸው እቆማለሁ። ልጄ ከታች፣ አባቴ ከላይ። እፈራለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ሥራ ቦታ ሆኜ የጮኸ ለትማ የባሰ ነው፤ ማን አጠገባቸው እንዳለ እንኳ አላውቅም።

«አባባ፣ እባክዎ ታከለ ዘንድ እንሂድ» እላቸዋለሁ። ታከለ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ናታንያ ከተማ፣ ምድር ቤት፣ ማማድ ያለው አዲስ ቤት ገዝቷል።

«ልጄ» ይሉኛል፣ «ከጎንደር ወደዚህ አገር ስወጣ ቶሎ ትመለሳላችሁ ብለውን በሬን ገርበብ አድርጌ ነው የወጣሁ። እስከ ዛሬ ገርበብ እንዳለ ነው። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልል ብዬ፣ አባት ናቸውና ዋጥኩት።

ደግሞስ እሺ ቢሉ ታከለን እንዴት ብዬ ልጠይቀው? ባለፈው በዓል ስንሄድ ሚስቱ አዝመራ «ይሄ ቤት እኮ ለራሳችንም ጠቦናል፣ ሶፋው ጉልበት ያስመታል» ስትል ሰምቻታለሁ። ማንን ለመንካት እንዳለችው አላውቅም፤ እኔ ግን ተነካሁ። ሺራ ይሄ አይገባትም። «ኢማ፣ ደውዪና በቀጥታ ጠይቂው፤ ማ ሀባያ? ምን ችግር አለው?» ትለኛለች እናቷን፣ ዕብራይስጥ እየቀላቀለች። በቀጥታ! እኛ ጨው ስንዋስ እንኳ የምንጀምረው ከአየሩ ነው።

አንድ ቀን ከኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ ከፋብሪካ ፈረቃዬ ወጥቼ ማዕከላዊ ጣቢያው ውስጥ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ወታደሮቹ ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው፣ ሁሉም የሚሄድበትን ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ድንገት ደወልኩለት።

«ታከለ፣ ቤት ነህ?»

«አለሁ እታለም። ምነው?»

«ምንም። ማን አለ አጠገብህ?»

«አዝመራ አለች።»

«እህል ቀምሳችኋል?»

«በልተናል። እታለም፣ ደህና አይደላችሁም?»

«ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን። እንዲያው… ሳሎናችሁ ስንት ፍራሽ ያስነጥፋል?»

ቀስ ብሎ «አባባስ?» አለኝ።

«አባባማ…» አልኩ። ጉዳዩ እሳቸው ናቸውና ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። አውቶቡሴ ደግሞ መጣ። «የአባባን ነገር በስልክ ባናወራው ይሻላል። አይዞህ» ብዬው ዘጋሁ።

እናንተ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት «ሞተ» ተብሎ አይደወልም። ቤት ነህ ወይ ይባላል፣ ማን አለ አጠገብህ ይባላል፣ መርዶ በባዶ ሆድ እንዳይሰማ እህል መቅመሱ ይጠየቃል። መልሶ ደውሎ «ሞቱ እንዴ?» ማለትም ነውር ነው። ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ይሉኝታዬ ነው ያስረሳኝ። እቤት ገብቼ ለሺራ «ለታከለ ነገሩን ጀምሬለታለሁ» አልኳት፣ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ እያፈላሁ ከታች ዋይታ ሰማሁ። በመስኮት ባይ አንድ ሚኒባስና ከኋላው መኪኖች ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ታከለ እጁን አናቱ ላይ ጭኗል። የአዝመራ እናት ታመው ነበር፤ አረፉ ማለት ነው አልኩና ነጠላዬን ጎትቼ እያለቀስኩ ወረድኩ። ታከለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ አይቻል! ተቃቅፈን፣ እሱ ለአባቱ፣ እኔ ለአማቱ፣ ጎረቤት እስኪሰበሰብ አለቀስን።

በመሀል ለቅሶው ከዳር ጀምሮ ጸጥ እያለ መጣ። ዞር ስል አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ይዘው ከሕንፃው በር ላይ ቆመዋል። ለሳይረን ያልወረዱት ሰውዬ ለለቅሶ አራት ፎቅ ብቻቸውን ወርደዋል።

«ልጆቼ» አሉ እያለከለኩ፣ «ማን ሞተብን?»

አንዱ ሌላውን ያያል። አባባ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ የታከለን ፊት አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

ታከለ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ጎረቤት ወንበር አመጣላቸው። ተቀምጠው ዙሪያቸውን ቃኙና «ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ መጣ?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወዲያው ደግሞ ያልመጣውን እየጠሩ መጠየቅ ጀመሩ።

ታከለ ነገሩን ስነግረው «ምነው በቀጥታ ብትጠይቂኝ?» አለኝ፤ ከሺራ ጋር የተማከሩ ነው የሚመስለው። አዝመራም «የእኔ ቤት እያለ ደግሞ ምን መጠየቅ ያስፈልጋል?» ብላ ተቀየመችኝ። ስለ ሶፋው ላነሳባት ብዬ ተውኩት።

«በሉ አባባ፣ ደግፈን ደረጃውን እናውጣዎት» አልኩ።

«ወዴት? ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው ብዬሽ አልነበር? ይኸው ወጣ። ሬሳ ደግሞ ተመልሶ ደረጃ አይወጣም። ታከለ፣ መኪናህ የትኛዋ ናት?»

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ናታንያ ስንደርስ ለሦስት ሰው ጠቦ የነበረው ሳሎን ለመቶ ለቀስተኛ ተዘጋጅቷል። ጉልበት የሚያስመታው ሶፋ በረንዳ ወጥቷል፤ ፍራሹ በፍራሽ ላይ ተነጥፏል፤ ሳሎን ሙሉ የውሰት ወንበር ተደርድሯል፣ የለቀስተኛው ምስር በትልቅ ድስት ተሠርቷል። አዝመራ ይህን ሁሉ ስታሰናዳ ነው ያደረችው። ክፋት የለባትም፤ ማናችንም የለብንም። ለሞተ ሰው ቦታ መስጠት እናውቅበታለን፤ በሕይወት ያለው ሰው ላይ ነው እጃችን የሚያጥር። የኢሪያዋ ልጅ መልሳ ደውላ ማረፊያ አገኛችሁ ወይ ስትለኝ «አግኝተናል» ብቻ አልኳት። በዕብራይስጥ እንዴት ብዬ አስረዳታለሁ?

የዚያን ዕለት ማታ ራት ሲቀርብ ሳይረኑ ጮኸ። አባባ ከፍራሹ ተነስተው፣ በትራቸውን መታ መታ እያደረጉ በራሳቸው እግር ማማዱ ገቡ። አዝመራ ድስቱን፣ ሺራ ሳህኖቹን ይዘው ተከተሉ፤ ታከለ የብረት በሩን ዘጋ። ልጄም አባቴም አንድ ክፍል ውስጥ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካቸው ቦታ። ለአባባ ከምስሩ አወጣሁላቸው።

አንዴ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ አሰብ አደረጉ።

«ጨው አንሶታል» አሉ። «ለዋናው ቀን አስተካክሉት።»