ቀይዋ መኪናዬና የዋጫ መንገድ

መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ መንገዱንም አብሮ የገዛ ይመስለዋል። ቀለሟን ይመርጣል፣ ጎማዋን በእግሩ ይመታል፣ ሞተሯን አስነስቶ ምንም ባይገባውም ጆሮውን ይሰጣል፤ የምትሄድበትን አገር ግን አይጠይቅም። አገር ደግሞ ካልጠየቋት ቅር ይላታል። የእኛ ቦንጋማ ከዳገትና ከቁልቁለት በቀር ሌላ ነገር መኖሩንም የምታውቅ አይመስለኝም። ጨው ለመግዛት ከቤቱ የወጣ ሰው ወርዶ፣ ወጥቶ፣ እንደገና ወርዶ ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ጨው ይሁን ስኳር ሊገዛ እንደመጣ ይረሳዋል። ዝናቡም ቢሆን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ እንደ በርበሬ የቀላች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀራት የስፖርት መኪና ያላት ሰው ማን ናት ብትሉ፣ እኔ ነኝ። ሥራዬን ስነግራችሁ ደግሞ ይብሳል፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከእንስሳት ሐኪም ሰው የሚጠብቀው ጭቃ የለበሰች ፒክአፕ ነው። የእኔዋ እንኳን ጥጃ፣ ጠና ያለች ዶሮም በምቾት አትይዝም።

እንዴት እጄ ገባች? አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ በወንደላጤነቱ የገዛት ናት። ካገባም በኋላ ችግር አልነበረም፤ ሁለት ወንበር ለሁለት ሰው ይበቃል። ከዚያ ሚስቱ መንታ ወለደችለት። ወንድሜ ሁለቱን ታቅፎ ከሆስፒታል ሲወጣ መኪናዋን አያት፣ እሷም አየችው፣ በዚያው ተለያዩ። ደውሎ «ለባዕድ ከምሰጣት አንቺ ውሰጃት» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚሮጥ ነገር እንደምወድ ያውቃል። አላመነታሁም። ሰው በሕይወቱ አንድ የማያስፈልገው ነገር ካልኖረው፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ለማግኘት የሚደክመው ለምንድን ነው?

ባለቤቴ አድማሱ ግን በዚህ ፍልስፍና አይስማማም። አድማሱ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ነገሩንም የሚጀምረው ከመሬት አቀማመጥ ነው። መኪናዋ ግቢያችን የገባች ዕለት ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ ይህቺ ለሜዳማ አገር የተሠራች ናት፣ እዚህ ያመጣሻት በስደት ነው አለኝ። እሷ ውስጥ ለመግባት መታጠፍ ስላለበት አንድም ቀን ሊነዳት አልፈለገም። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው፤ የእኔም ቢሮ ያኔ ከቤቴ ጋር እየተያየ የሚሰለች ነበር። እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ቦንጋ ውስጥ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ መኖሩን ሳታውቅ ነው የከረመችው። ሦስተኛውን ላስገባ ስል ቢሮዬ ይደርሳል።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ሹመት መጣ። ዋጫ ላይ የወረዳው የእንስሳት ጤና ሥራ ኃላፊ ሆነሻል ተባልኩ። ዋጫ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት ነው። ግን በየቀኑ ሄዶ በየቀኑ መመለስ ሲሆን ቅርብ የሚባል አገር የለም። የቦንጋ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ብሎኝ ሳይጨርስ በዚያው ትንፋሹ «ታዲያ መኪናዋን መቼ ትሸጫታለሽ?» ማለት ጀመረ። ምርቃቱና ሽያጩ አንድ ላይ የታሰሩ ይመስል!

አድማሱማ ይህን ንግግር የሚያደርግበትን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ነው። እራት ላይ አስተማረኝ። ዝናቡ፣ ጭጋጉ፣ አስፋልቱን የበላው ጉድጓድ፣ የቤንዚን ሰልፉ፣ ቢፈነዳ ጅማም የማይገኘው ጎማዋ፣ መንገድ ላይ የሚተኙት ላሞች አንድ በአንድ ተነሡ። ላሞቹ እንኳን ሐኪማቸውን ስለሚያውቁ ይነሡልኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። በመጨረሻም እጄን ያዝ አድርጎ፣ ቀልዱ ይቅር፣ በዚያ ጭጋግ በዚያች ዝቅ ያለች መኪና ስትመላለሺ እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ማስተማር አልችልም አለኝ። ይሄኛው ጂኦግራፊ አልነበረም። እንሸጣታለን ተባባልን። ገዢ እስኪገኝ ድረስ ግን በእሷው ልመላለስ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። ለመለያየት የወሰነ ሰው አብሮ መንገድ መውጣት የለበትም።

የመጀመሪያው ሰኞ ከቦንጋ ወጥቼ ቁልቁለቱን እንደጨረስኩ ሦስተኛውን አስገባሁ። ውሽውሽ የሻይ ተክሉ መሐል ስደርስ አራተኛውን። መኪናዋ ድምፅዋን ለወጠች። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር፤ ስታጉረመርም የኖረችው ለካ ተኮራምታ ነው! ጠዋቱ ጤዛ ነው፣ ሻዩ ግራና ቀኝ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ነው፣ ጫካው ሲጀምር ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ነጫጭ ጅራታቸውን እያወናጨፉ ይዘላሉ፣ እኔ ብቻዬን መሪ ጨብጬ እስቃለሁ። ሊያሸጣት የመጣው መንገድ ያስወደደኝ መንገድ ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን ለአድማሱ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? ማታ መንገዱ እንዴት ነው ሲለኝ «ምን ይደረግ፣ ያው መንገድ ነው» እያልኩ ፊቴን አጠቁራለሁ።

ገዢው ግን ተገኘ። ጌታሁን የሚባል ወጣት የቡና ነጋዴ ነው፤ ለሠርጉ ፈልጓታል። ዓርብ በምሳ ሰዓት ለሥራ በዋጫ ስለሚያልፍ ቢሮሽ መጥቼ አያታለሁ አለኝ። እሺ አልኩ። ሐሙስ ማታ መኪናዋን ራሴ አጠብኳት፤ ሙሽራ ተድራ ስትሄድ እናቷ እንደምታደርገው።

ዓርብ ጠዋት ከከተማው ወጣ እንዳልኩ እትዬ አበበች ጥግ ይዘው እጃቸውን አወጡልኝ። እትዬ አበበች የጫካ ማር ነጋዴ ናቸው፤ ከገበሬው ይገዙና ዋጫ ገበያ ይወስዳሉ። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ እንዳላወራቸው ደግሞ ዶክተርን በአማርኛ ነው ማናገር የሚገባኝ ይላሉ። አፉ በጨርቅ የታሰረ ባልዲ ሙሉ ማር ይዘዋል። ዕቃ ማስቀመጫው በትርፍ ጎማ ተይዟል፤ ባልዲውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

ጥቂት እንደሄድን ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «ዶክተር፣ ይሄ መኪና በጣም ይሮጣል ይላሉ። እውነት ነው?» አሉ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የመጨረሻ ቀኗ ነው። ምስክር የምትሆን ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ረገጥኩት። እትዬ አበበች «ኧረ ጎበዝ!» እያሉ በደስታ ጮኹ፣ እኔም አብሬ ጮኽኩ፤ ጩኸታችን ሳያልቅ ትናንት ያልነበረ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከፊታችን ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ቆመች፤ ማሩ ግን አልቆመም።

ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይላል ያገሬ ሰው። ማር ሲደፉ ምን እንደሚናገሩ ግን የነገረን የለም። ማርሹ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ሬዲዮው ውስጥ፣ ቀሚሴ ላይ፣ ያልደረሰበት ቦታ የለም። እኔ ላለቅስ ስል እትዬ አበበች ጣታቸውን ከዳሽቦርዱ አጥቅሰው ላሱና «አይዞህ ዶክተር፣ ማር ነው፣ ደም አይደለም» አሉኝ። ማሩን ልተካልዎት ብላቸው፣ እኔ ነኝ ሩጥ ያልኩህ ብለው እምቢ አሉ። ገበያው ጋ ባዶ ባልዲያቸውን ይዘው እየሳቁ ወረዱ።

ቢሮ ስደርስ የቻልኩትን ያህል በጨርቅ ጠረግሁና መስኮቶቹን ለነፋስ ከፍቼ ሥራዬ ገባሁ። ከፋ ውስጥ ማር ደፍቶ መስኮት መክፈት! እንስሳት ሐኪም ነኝ ብያችኋለሁ አይደል? እንግዲህ ንብ እንስሳ መሆኗን ሳልማር አልቀረሁም። ወደ ምሳ ሰዓት ስወጣ የግቢው ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ተደርድሯል። መኪናዋ ትጮኻለች። ሞተሯ ጠፍቷል፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ ግን ትጮኻለች። የወረዳው ንብ በሙሉ ስብሰባ የተጠራ ይመስል በአንደኛው መስኮት ይገባል፣ በሌላው ይወጣል።

ጌታሁን የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በራሱ መኪና። ሊወርድ በሩን ከፈት አደረገ፣ አየ፣ መልሶ ዘጋው፣ መስኮቱንም እስከ ጫፍ ሰቀለው። ከዚያ ስልኬ ጠራ። እዚያው ተያይተን ቆመን በስልክ ማውራት ጀመርን።

«ዶክተር፣ መኪናዋን ወድጃታለሁ» አለኝ። «ግን ተከራይ አላት እንዴ?»

ዛሬ ብቻ ነው፣ ደግሞም ንብ ካልነኳት አትነካም አልኩት። ይህንንም ለማስረዳት በኩራት ሄጄ በሩን ልከፍት እጄን ሰነዘርኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በረንዳ ላይ የነበሩት ከእኔ በተሻለ ይተርኩታል። እኔ የማስታውሰው ቀኝ እጄንና አንድ የዓይኔን ቆብ መነደፌን፣ እንደ ወይፈን መሮጤን፣ ጌታሁንም በሚቀጥለው ሳምንት እደውላለሁ ብሎ መንዳቱን ነው።

አመሻሹ ላይ ንቦቹ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ሰዓታቸውን አክብረው ወጡ። መኪናዋን ባያችኋት! ልሰው ልሰው፣ እኔ ሐሙስ ካጠብኳት ይልቅ አጽድተዋታል። እጄ ግን እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ተነፍቶ ማርሽ መጨበጥ አልቻለም። ለአድማሱ ደወልኩለት። በሚኒባስ መጣ። አንድ ዓይኔ ተጨፍኖ ሲያየኝ ሊቆጣ የተዘጋጀው ፊቱ መሐል መንገድ ላይ ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ እኔንም አሳቀኝ።

ከዚያ ታጠፈ። መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ በመጨረሻ አንገቱ ገባ፤ ጉልበቱ መሪውን ታኮ ቀረ። ከዋጫ እስክንወጣ ድረስ እንደ ታማሚ ተሸካሚ በቀስታ ነዳ፤ ጉብታውንም ገና ከሩቅ ፍሬን ይዞ ተሻገረው። ቀጥሎ አንድ ኩርባ መጣ፤ መኪናዋ መሬቱን ይዛ እጥፍ ብላ አለፈችው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን አልያዘም። ቀጥታው መንገድ ላይ ሦስተኛውን አስገባ፤ በጎን አየት አደረገኝ፤ አራተኛውን አስገባ። ከዚያ ጂኦግራፊ ትምህርቱ ሁሉ ጠፍቶ ያፏጭ ጀመር። ያ ሰው ሲያፏጭ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በእጮኝነታችን ዘመን ነበር።

ትምህርት ቤት በዕረፍት ላይ ስለነበር እጄ እስኪድን እሱ ያመላልሰኝ ጀመር። መጀመሪያ ጥቁር መነጽር ገዛ። ቀጥሎ ከእኔ ቀድሞ ይነሣ ጀመር። ጌታሁን ሲደውል ስልኩን ያነሣው እሱ ነው። የኔ ወንድም፣ ሠርግ በሚኒባስም ያምራል፣ መኪናዋ አትሸጥም ሲለው ከጓዳ ሰማሁ። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ዝቅ ማለቷ እኮ ለኩርባ መንገድ ሆን ተብሎ የታሰበ ነው፣ ይህች መኪና ለከፋ መልክዓ ምድር የተፈጠረች ናት አለኝ። ስደተኛዋ መኪና በአንድ ሳምንት የአገር ልጅ ሆነች! ደስታዬን አልደበቅሁም፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

እጄ ዳነ። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳነሣ አድማሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩን አስቤበታለሁ አለ። መኪናዋን ከወደድናት ዕድሜዋን ማርዘም አለብን፤ በየቀኑ ዋጫ ድረስ ስትመላለስ ጎማዋ ያልቃል፣ ሞተሯም ይደክማል። ሚኒባሱ ደግሞ በደጃችን ነው የሚያልፈው። እሱ ትምህርት ሲከፈት ከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እንዳትዝግ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሰ ይጠብቃታል። ተከራከርኩ፣ ሳቅሁ፣ እንደገና ተከራከርኩ። በመጨረሻ ዓርብ ዓርብ የእኔ እንድትሆን ተስማማን። ምን ላድርግ? ባሌን እንደገና ሲያፏጭ ከማየት ጋር መኪና ምን ዋጋ አለው፤ ሚኒባስ ውስጥም እንቅልፍ ይተኛል።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በሌላኛው የዋጫ ገበያ ቀን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተጨናንቀን ጫካው መሐል ስንደርስ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ። ቀይ ነገር ሽው ብሎ አለፈን። ባለ ጥቁር መነጽሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ እትዬ አበበች አጠገቡ ባልዲያቸውን አቅፈው በመስኮት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አጠገቤ የተቀመጡት እንግዳ ሽማግሌ ወደ ሚዛን ከተማ ተጓዥ ናቸው፤ «ወይ ጉድ! የማን መኪና ናት ልጄ?» አሉኝ።

«የእኔ ናት» አልኳቸው።

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ሹፌሩ መስታወቱ ውስጥ አየኝና፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ «አይዞሽ እኅቴ፣ እኔም አውሮፕላን አለኝ፤ ሚኒባስ የምነዳው ለመዝናናት ነው» አለኝ።