ክቡር ሐኪሙና ወይዘሮዋ

አሮጌ መኪና ገዝቶ «በየቀኑ የምነዳት እሷን ነው» የሚል ሰው በአንድ ሰፈር ከአንድ በላይ አይኖርም። ሁለት ቢሆኑ ኖሮ የሚገፋ ሰው አይተርፍም ነበር።

ከመሰሎቹ ጋር እንዳይደባለቅ ግን አስቀድሞ መለየት ይገባል። እኔ መዝገብ ቤት ስለምሠራ ያለቦታው የገባ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። አሮጌ መኪናውን ሸራ አልብሶ የሚያስቀምጥ፣ እሑድ እሑድ አውጥቶ የሚያጥባት፣ አላፊ አግዳሚው ሲያይለት ደስ የሚለው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። እሱ ትርፍ መኪናና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ነው። የኔው ሰው ግን ሥራ የሚሄድባት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣባት፣ ሽንኩርት የሚጭንባት ነው። አዲስ መኪና መግዛት አቅቶትም አይደለም። «መኪና እኮ ድሮ ቀረ» ብሎ ነው። ይህንንም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መሀል መንገድ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ድሮ ያልቀሩት መኪኖች ከኋላው ተሰልፈው ክላክስ እያደረጉበት ነው።

እኔ የማውቀው ክቡር ሐኪሙን ነው። የጥርስ ሐኪም ናቸው። የሌላውን ሰው ጥርስ «ይህማ አብቅቶለታል» ብለው በደቂቃ ነቅለው ይጥላሉ። የመኪናቸውን የዛገ ብሎን ግን መካኒኩ ልቀይረው ሲል ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ከኮፈኑ ስር ጭስ ሲወጣ «ትንሽ ነገር ናት» ይላሉ። ፍሬቻው ወደ ቀኝ ሲባል ወደ ግራ ሲያበራ «ትንሽ ነገር ናት»። አንድ ቀን ለአንድ ታካሚ ማደንዘዣ ወግተው፣ እስኪደነዝዝ ድረስ መኪናዋን ከክሊኒኩ በር ዞር ላድርጋት ብለው ወጡ። አልነሳ አለቻቸው። ታካሚው ወጥቶ ገፋ። ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ስለተንጋደደ መናገር አቅቶት በእጁ ነበር ምልክት የሚሰጠው። ሞተሩ ሲነሳ ሐኪሙ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ጉንጭዎን እንዳይነክሱት፣ መጣሁ» አሉት። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ኮርተው ነው የነገሩኝ።

መኪናዋን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ።

የባለቤቴ ነበረች። ሲያርፍ በር ላይ ቆማ ቀረች። እኔ መንዳት አልችልም። እህቴ «ዓይንሽ ስር ቆማ ታሳብድሻለች፣ ሽጫት» አለችኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። በዚያው ሰሞን እንዳይከብደኝ ብላ ፎቶውንም ከሳሎን አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። መሥሪያ ቤት ስገባ ሰዎች ወሬ ይቀይራሉ። ስለ ባሎቻቸው የሚያወሩ ሴቶች ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም ለኔ ሲሳሱ ባለቤቴ ከሰው ወሬ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ።

ክቡር ሐኪሙ መኪናዋን ሊያዩ የመጡ ቀን ጎማዋን በእግራቸው አልመቱም። ሁለት ጊዜ ዞሯትና ገብተው መሪዋን ያዙ።

«እትዬ፣ ለምን ይሸጧታል?»

«ነጂዋ ሞተ» አልኳቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ዝናብ ያወራ ነበር። እሳቸው «ነፍስ ይማር» አሉና መሪዋን እንደያዙ «ጠዋት ጠዋት በስንተኛው ሙከራ ነበር የሚያስነሷት?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ? መንዳት አልችልም።»

«አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር?»

«እቀመጥ ነበር።»

«እንግዲያው ያውቃሉ።»

ገዙና ሄዱ። ተገላገልኩ ስል በማግስቱ ስልክ ደወሉ። ከዚያ ወዲያ ስልኩም እሳቸውም ከቤቴ አልጠፉም። ባለቤቴን በሕይወት ሳለ አይተውት አያውቁም፤ ግን «ጋሼ» ነው የሚሉት፣ አብረው ያደጉ ይመስል።

«እትዬ፣ ጋሼ ዝናብ ሲመጣ ይህን መስኮት እንዴት ነበር የሚዘጉት?»

«በመዳፉ ደገፍ አድርጎ ነው የሚያዞረው።»

«በየትኛው መዳፍ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «በግራው። የእጅ ሰዓቱ መስታወቱን ሲነካው ቂው ይል ነበር።»

«በጣም ጥሩ» አሉ፣ የጎደለ መለዋወጫ እንዳገኘ ሰው። «ዳገት ላይስ?»

«ዳገት ላይ ዝም በይ ይለኛል። ሞተሩን ልስማ ብሎ ነው።»

በዚያ ሳምንት ክቡር ሐኪሙ ባለቤታቸውን ዳገት ላይ ዝም አሰኟት። በኋላ የመጣው ጣጣ መነሻው ይህ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለቀልድ ብዬ፣ ባለቤቴ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ዳሽቦርዱን ቸብ ቸብ አድርጎ «በሉ እንግዲህ ወይዘሮ፣ ሰው ፊት አያዋርዱን» ይላት እንደነበር ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አሰቡበት፣ አሰቡበትና «በቀኝ እጅ ነው?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በመስኮቴ ስር ሲያልፉ፣ መታጠፊያው ላይ ሞተሯ ከጠፋባቸው፣ አንድ ትልቅ ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ ለመኪና አንቱታ ሲሰጥ ይሰማል።

እኔም ሳላውቀው ለጥያቄያቸው መዘጋጀት ጀመርኩ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ባለቤቴ ማርሽ ሲቀይር ክርኑ የት ይደርስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ያላስታወስኩትን «አላውቅም» ብዬ አሳልፌ፣ ማታ ትዝ ሲለኝ በማግስቱ ደውዬ አርማለሁ። «አንቱ አይበሉኝ» ስላሉኝም ፊት ለፊት «አንተ» እላቸው ጀመር።

የክቡር ሐኪሙ ባለቤት አዋላጅ ነርስ ናት። ረጋ ያለች ሴት ናት። የወንድሟ ሠርግ ዕለት ወይዘሮዋ መኪና ዳገቱ መሀል ላይ ቆመችና ነርሷ ረጅም ቀሚሷን በጥርሷ ይዛ፣ በተረከዝ ጫማ ገፋቻት። በማግስቱ ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ እኔ ስንትና ስንት ምጥ አይቻለሁ። እንደዚህች መኪና ያስጨነቀኝ የለም።»

«አይዞሽ ልጄ።»

«እኔን አይሰማም፤ እርስዎን ይሰማል። ሽጣት ይበሉልኝ፣ በሞቴ።»

ምን እላለሁ? ልክ ናት። እኔም በዚያችው መኪና ቀሚሴን ሰብስቤ የገፋሁ ሴት ነኝ። «እነግረዋለሁ» አልኳት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ምን ቃል እንደገባሁ የገባኝ። መኪናዋ ከተሸጠች ክቡር ሐኪሙ የሚጠይቁት አይኖራቸውም። ከዚያ በኋላ በየትኛው እጁ ነበር የሚለኝ ማነው?

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። የሸሚዛቸው እጅጌ ዘይት ነክቶታል። ስለ ዝናብ መጥረጊያው ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው።

«ዶክተር፣ ሽጣት።»

ሻዩን አስቀመጡ። «እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት?»

«እኔ ነኝ። ሚስትህ እውነቷን ነው። ሰው ሠርግ ሄዶ ግራሶ ተቀብቶ አይመለስም።»

«ትንሽ ነገር …» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከንግግራቸው መሀል ይህን ሲያቋርጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እጃቸውን አገላብጠው አዩ። እኔም ቁም ሣጥኑን አየሁ። ሁለታችንም እንደተቀጣ ልጅ ተቀመጥን።

በመጨረሻ «እትዬ» አሉኝ፣ «ለጋሼስ እንዲህ ብለዋቸው ያውቃሉ?»

«በየዓመቱ።»

«ምን ይሉ ነበር?»

አላስታውስም ማለት እችል ነበር። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሰነድ ስጠብቅ ኖሬ የባሌን ቃል አልደልዝም።

«‹እሺ፣ ክረምቱ ይለፍና› ይለኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ክረምቱ ያልፋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መንገዱ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ እሷም በመጀመሪያው ትነሳለች። እንዲህ ባለ ቀን ማን መኪና ይሸጣል?»

ክቡር ሐኪሙ ቀና አሉ። «ይህን የሚሉት ጋሼ ናቸው ወይስ እርስዎ?»

«መጨረሻዋን እሱ ነው። የቀረውን እኔ ነኝ።»

ሻያቸውን ጨለጡና ተነሱ። ስለ ዝናብ መጥረጊያው ሳይጠይቁ ወጡ። በመስኮት ሳይ ወይዘሮዋን ቸብ ቸብ ሲያደርጓት ነበር፤ በቀኝ እጃቸው።

ማታ ሚስታቸው ደወለች። ድምፅዋ ቅልል ብሏታል።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሺ አለ። ክረምቱ ይለፍና እሸጣታለሁ አለኝ።»

ደረቴ ላይ ተቀምጦ የሰነበተው ነገር ተነስቶ ሲሄድ ታወቀኝ። የትኛው ክረምት እንደሆነ አልጠየቀችውም። እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ አልጠየቅኩም ነበር።

«ለመሆኑ እንዴት አድርገው አሳመኑት?» አለችኝ።

«ትንሽ ነገር ናት» አልኳት። «እስከዚያው ግን ልጄ፣ አብራችሁ ስትወጡ ተረከዝ ያለው ጫማ አታድርጊ።»