ሃምሳ ዓመት ትዳር በአሥራ አንድ ሰው ኮሚቴ

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በወላይታ ሶዶ ከተማ የኤርሳዶና የሽታዬ ትዳር ኮሚቴ እጅ ገባ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትዳሩ አርባ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ያለ ጸሐፊ፣ ያለ አጀንዳ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ እንዲያው በዘፈቀደ ሲኖር ነበር። እንዴት ሳይፈርስ እንደቆየ እስካሁን በጥናት የተረጋገጠ ነገር የለም።

ለሃምሳኛ ዓመቱ በዓል የተቋቋመው ኮሚቴ አሥራ አንድ አባላት ነበሩት። ሰብሳቢው አቶ ጌታሁን ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የቢሮ ኃላፊ ሆነው ያገለገሉ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ስብሰባ ሲጠፋ ራስ ምታት የሚይዛቸው ትልቅ ሰው። ጸሐፊዋ ብሩክታይት የምትባል የኳየር መሪ ነበረች። አቶ ጌታሁን በሽታዬ ሳሎን ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጉባኤውን ከፈቱ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳ ዓመት ትዳርም ለሁለት ሰው ይከብዳል። ሸክሙን ልናግዛችሁ ነው የመጣነው።»

ሽታዬ «አርፍዳችኋል» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እንግዳ ነው ብላ ዋጠችውና ቆጮውን ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ጋር አቀረበች። ኮሚቴው በላ፤ ከበላም በኋላ በዓሉ «ወጥ በሆኑ፣ ከዚህ በፊት ባልተሰሙ አዳዲስ ዜማዎች» እንዲከበር በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ይኼኔ ኤርሳዶ እጁን አወጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ በገዛ ቤቱም ሳይፈቀድለት አይናገርም።

«እኔ አንድ ዜማ አለኝ» አለ በሻከረ ድምፅ።

ሽታዬ ቀና አለች። ያን ዜማ ታውቀዋለች። በስድሳ ስድስት ዓ.ም. ሁለቱም የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሳሉ፣ እሷ እሑድ እሑድ የሳምንት ስንቋን ይዛ ከበዴሳ ወደ ሶዶ በጭነት መኪና ስትመጣ፣ ኤርሳዶ መናኸሪያው ጋ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አንድ ቀን መኪናው አራት ሰዓት ዘገየ። ስትወርድ አራት መስመር ዜማ አወጣላት። በአማርኛ ነበር፤ ያኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ቁም ነገር የሚነገረው በአማርኛ ስለሆነ፣ ፍቅርም ቁም ነገር ነው ብሎ። ከዚያች ቀን ወዲህ አፍሮ ደግሞት አያውቅም። «ሃምሳኛ ዓመታችን ላይ» እያለ ሲሸነግላት ኖረ።

አሁን ግን ቀን ተቆርጦበታል። ሐኪሞች ጉሮሮው ውስጥ መጥፎ ነገር አግኝተው፣ ድምፁን ለሚወስድ ቀዶ ሕክምና ለየካቲት ሐዋሳ ቀጥረውታል። አንዱ ሐኪም «አባቴ፣ የሚሉት ነገር ካለ አስቀድመው ይበሉት» ብሎታል። ሽታዬ አዳራሽም ኬክም አላማራትም። ያችን አራት መስመር፣ በዚያ ድምፅ፣ ድምፁ ሳይሄድ አንዴ መስማት ነበር የፈለገችው።

ኤርሳዶ ከሶዶ በላይ ባለው በዳሞት ተራራ የሚጀምረውን ግጥም በወረቀት ጽፎ አቀረበ፦

ዳሞት ጉም ቢለብስም ጠፋ አይባልም፣
ሲገለጥ እዚያው ነው፣ ተራራ አይሄድም።
ከበዴሳ መኪናሽ ቢዘገይ ምንም፣
እጠብቅሻለሁ፣ መቆም አይደክመኝም።

አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን አደረጉ። «ይህ ዜማ ከዚህ በፊት ቀርቧል?»

«አልቀረበም።»

«የሰማው ሰው አለ?»

«እሷ ሰምታዋለች።»

ኮሚቴው ወደ ሽታዬ ዞረ።

«እትዬ ሽታዬ፣ እውነት ሰምተዋል?»

«ለእኔ እኮ ነው የወጣው!»

አቶ ጌታሁን ከልባቸው አዘኑ። «እንግዲያው አዲስ አይደለማ! ከዚህ በፊት ያልተሰማ ነው ያልነው። ደግሞ ሌላም ጉዳይ አለ። ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን? መዝሙር እንዳይባል ለሰው ነው። ዘፈን ከሆነ ደግሞ በአማኝ ቤት…»

«ሚስቱ ነኝ እኮ!»

«ሲያወጣልዎት ሚስቱ ነበሩ?»

«ያኔስ አልነበርኩም።»

«አዩልኝ!»

«ደግሜ ባገባትስ ይስተካከላል?» አለ ኤርሳዶ።

«ለሱ ሌላ ኮሚቴ ያስፈልጋል» አሉ አቶ ጌታሁን፤ ብሩክታይትም መዘገበችው።

አስተዋይ ኮሚቴ ግን መንገድ አያጣም። ዜማው ተሻሽሎ ከቀረበ አዲስ ይሆናል ተባለና ሦስት አባላት ያሉት አራሚ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ንዑስ ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ሙሉ አራት መስመር ላይ ደከመ። በዳሞት ላይ ጉም መጥቀስ የአካባቢውን ገጽታ እንደሚያበላሽ፣ መኪና ዘገየ ማለት የትራንስፖርቱን ዘርፍ እንደሚያስቀይም፣ ቆሞ መጠበቅም የመቀመጫ እጥረት እንዳለ እንደሚያስመስል ደረሰበት። የሽታዬ ስም ቢጨመር የሌሎች ባለትዳሮችን ቅሬታ ስለሚያስከትል «እህታችን» እንዲባል ተወሰነ። ብሩክታይት የታረመውን ይዛ መጣች፦

ዳሞት ብሩህ ነው፣ ጉም አይታይበትም፣
መንገዱ ተሠርቷል፣ መኪና አይዘገይም።
በሰዓቱ መጣሽ፣ ችግር የለብንም፣
ስለዚህ እህታችን አልጠበቅንሽም።

ሽታዬ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አንቺ ልጅ፣ አልጠበቀኝም ነው የሚለው?»

«እሱ ብቻ አይደለም እትዬ» አለች ብሩክታይት ልታጽናናት። «ሁላችንም ነን።»

«እህታችንስ? ሃምሳ ዓመት ያደርኩት ከወንድሜ ጋር ነው?»

ኤርሳዶ ሳቀና ሳል ያዘው። ሳሉ ብዙ ቆየ። ብሩክታይት ውኃ አቀብላው፣ ዋናው ግጥም በፕሮግራሙ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ «ጊዜ ከተረፈ» በሚለው ሥር እንዲያዝ እንደምታደርግ ቃል ገባች። ቃሏንም ጠበቀች።

በዓሉ ጥር 17 ቀን ተከበረ። እንግዳው ከሌሎች ከተሞች፣ ከቢጠናም ከቤሌም መጥቷል። ባልና ሚስቱ መድረክ ላይ የክብር ቦታ ተሰጣቸው፤ ከፊታቸው ባለአራት ፎቅ ኬክ፣ ከኬኩ ፊት ደግሞ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ስለቆመ ማንም አላያቸውም። የመጀመሪያው አዲስ ዜማ ለኮሚቴው ምስጋና ነበር። ሁለተኛው ድምፅ ማጉያውን ላዋሱት ነጋዴ ነው። ሦስተኛው አንደኛውና ሁለተኛው በሰላም ስለተጠናቀቁ የደስታ መግለጫ ነበር። ከዚያ አቶ ጌታሁን «የትዳር ሚና ለልማት» በሚል ርዕስ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ተናገሩ።

የኤርሳዶ ድምፅ ጠዋት ጠዋት ይሻለዋል፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ሽታዬ ሰዓቱን እያየች የባሏን ጉሮሮ ስታዳምጥ ቆየች። ኤርሳዶ ሦስት ጊዜ እጁን አወጣ። በሦስተኛው «ጥያቄና አስተያየት በመጨረሻ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ደረሰው።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሽታዬ ተነሣች። «ና።»

«ወዴት? እየተከበርን እኮ ነው!»

«እነሱ ያክብሩን። እኛ እንውጣ።»

በጓሮ በር ወጡ። ከአዳራሹ ጀርባ ሴቶች ሥጋ ይከትፋሉ፣ ዳጣ ይፈጫሉ። የወጥ ቤቱ አለቃ አሳየሽ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«እንዴ ሙሽሮች! ሥጋው መች ደረሰ?»

«ሥጋውን ተይው። ይኼ ሰውዬ የሚለው ነገር አለው።»

ኤርሳዶ የውኃው በርሜል አጠገብ ቆመ። ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ከዚያ ዜማውን ያዘ። ድምፁ እንደ ገለባ ሳስቷል፤ ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠ፤ መልሶ ቀጠለው። ሲጨርስ ቢላዋ ሁሉ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ይድገሙልኝ በሞቴ» አለች አሳየሽ። «ሁለተኛውን መስመር ይቺ ስትፈጭ አልሰማሁትም።»

ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲለው ሽታዬ የበርሜሉን አፍ ይዛ ቆማ ነበር።

«ሃምሳ ዓመት ምን ዘጋህ?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

«ውሸታም! በየዓመቱ ጠይቄሃለሁ።»

«እንግዲያው ፈርቼ ነው» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ኬክ የሚቆረስበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ባለበዓሎቹ ሲጠሩ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ደካማ መሪ ቢሆን ኖሮ ይደነግጥ ነበር። አቶ ጌታሁን ግን «ፕሮግራም በግለሰብ አይስተጓጎልም» ብለው ሁለተኛ ሚስታቸውን ወይዘሮ ወርቅውሃን እጇን ይዘው ወደ መድረክ አወጧት። ከተጋቡ ስድስተኛ ዓመታቸው ነው። ኬኩን አብረው ቆረሱ። «ለሃምሳ ዓመት የጸና ፍቅር» የሚል ባለመስተዋት የምስክር ወረቀት ተቀበሉ።

«ኧረ እኔ እኮ ገና አርባ አራት ዓመቴ ነው» አለች ወርቅውሃ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ እየቀረጹ ነው።»

ኳየሩ «አልጠበቅንሽም» የሚለውን አወረደው። ሕዝቡ እልል አለ፤ አንዲት የቤሌ እንግዳ እንዲህ ያለ ፍቅር በዘመኗ አይታ እንደማታውቅ እያለቀሰች ተናገረች። በቃለ ጉባኤውም «ጥንዶቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በታላቅ ደስታ ተሳትፈዋል» ተብሎ ሰፈረ። የምስክር ወረቀቱ አሁን የአቶ ጌታሁን ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል።

ቀዶ ሕክምናው የካቲት 6 ቀን ሐዋሳ ተደረገ። ኤርሳዶ ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ወር ኖረ፤ ድምፅ ስላልነበረው የሚፈልገውን በወረቀት ይጽፍ ነበር። ያረፈው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ ላይ ነው። አቶ ጌታሁን ለቀብሩ አስተባባሪ ለማስመረጥ በሁለት ሰዓት መጡ፤ ሽታዬ ከደጅ መለሰቻቸው። ኤርሳዶ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ያለ ኮሚቴ ተቀበረ።