ሊቀ ካሴት ሰይፈ ሚካኤል

በየሰፈሩ ሙዚቃ የሚከፍት ሞልቷል፤ ሙዚቃ የሚያስደምጥ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እግዜር አንዱን ሰፈር በሁለት አስደማጭ ቀጥቶ አያውቅም። የሚከፍተው ከፍቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የሚያስደምጠው ወንበር ያወጣልዎታል፣ ያስቀምጥዎታል፣ ከዚያ አጠገብዎ ተቀምጦ ፊትዎን ያያል።

የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር አስደማጭ ሊቀ ካሴት ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ናቸው፤ በድሮው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ የነበሩ። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው ስምረት ናት፤ እሳቸው በሌሉበት። ያላቸው ካሴት አንድ ነው፤ በባቡሩ ዘመን ከጅቡቲ ያመጡት የጥቁር አሜሪካውያን የድሮ ሶልና አር ኤንድ ቢ ስብስብ። ሃያ ዘፈን፣ ሃያ ዘፋኝ። ሽፋኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ የትኛውን ማን እንደዘፈነው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በየሳምንቱ ይለዋውጡታል።

ድሬ በቀትር ሱቋን ዘግታ ስትተኛ፣ ልክ በስምንት ሰዓት፣ በረንዳቸው ላይ ቴፑን ያስነሳሉ። ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ዘፈን መዝለል የለም፣ ማውራት የለም፣ ስልክ መነካካት የለም። ከመጋላ ገበያ ልብስ ይዛ የምትዞረው ዑግባድ እግሯን ልታሳርፍ ጎራ ባለች ጊዜ በሦስተኛው ዘፈን መሐል አስነጠሳት፤ ካሴቱ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ክልክሉ ግን ለሌላው ነው። እሳቸው «ቆይ፣ እዚህች ጋ» ብለው በየደቂቃው ያቆማሉ። ቤዝ ጊታሩን ሰምተሻል ወይ ይላሉ። ሰማሁ ያለችውን የት ላይ ብለው ይፈትኗታል፤ አልሰማሁም ላለችው ወደ ኋላ ይመልሱላታል። ግጥሙንም ይተረጉማሉ፤ እንግሊዝኛውን ከየት አመጡት የሚላቸው ካለ መልሳቸው ዝግጁ ነው። «ሃያ ስምንት ዓመት ትኬት ስቆጣጠር ጥሎ የሚሄደውንና ተጥሎ የሚቀረውን በድምፁ ለይቻለሁ።»

ዑግባድ እንደ ድሬ ሰው ሁሉንም «አንተ» ነው የምትለው። «አንተ ሰይፌ፣ አቦ ልቀቃት፣ ዘፋኟ ትጨርስ» ትላቸዋለች። አይሰሟትም።

ስምረትን የሚያንገበግባት ሰባተኛው ዘፈን ነው። አንዲት ሴት ቀስ ብላ ትጀምራለች፣ ትለምናለች፣ ድምጿ ከፍ እያለ ይመጣል፤ የስምረት እንባ ዓይኗ ጫፍ ሲደርስ፣ ቋ፤ ጋሼ አቁመውታል። ስለ ኦርጋኑ ያወራሉ፣ ያወራሉ፤ ከዚያ መዝለል ክልክል ነው ያሉት ሰውዬ ራሳቸው ወደ ስምንተኛው ያልፋሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሴትዮዋ ምን ላይ እንደደረሰች ሳታውቅ ቀረች። ዜማውን ለስልኳ አንጎራጉራ እንዲፈልግላት ብታደርግ፣ የልጆች መዝሙር አወጣላት።

ባለፈው ማክሰኞ ግን የጋሼ መንጋጋ ጥርስ ተነቀለ። ሐኪሙ ጥጥ አስነክሶ እስከ ማታ አፋቸውን እንዳይከፍቱ አዘዘ። ስምረት ያዘነች መስላ፣ ልቧ ግን እየጨፈረ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ወንበሯ ላይ ተገኘች። ዑግባድም ልብሷን እንደያዘች መጣች። «ዋላሂ፣ እንዲህ ያለ ቀን አይደገምም» አለች በሹክሹክታ።

ስድስቱ ዘፈኖች ያለ አንድ ቃል አለፉ። በሰባተኛው የጋሼ እጅ ወደ ቴፑ ሲሄድ ስምረት ቀድማ ያዘችው፤ ዛሬ ይረፉ አለቻቸው። ሴትዮዋ ለመነች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ድምጿ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። መጨረሻው ይኸው ነበር፤ እንደ ብዙው የድሮ ዘፈን።

ስምረት ዞር ስትል ጋሼ እሷን ያያሉ። አንድ ጉንጫቸው አብጧል፣ ዓይናቸው ፈርቷል። ያን ጊዜ ገባት። ወንበር ማውጣት የጀመሩት ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ነበር። መጨረሻውን የሰማ ሰው ነገ ምን ብሎ ይመጣል ብለው ነው ለካ ስድስት ዓመት የሸሸጉባት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልነገሩኝ ምኑም አይገባኝም» አለቻቸው። «ነገ ከመጀመሪያው ያስደምጡኝ።»

ጋሼ ሐኪሙን ረስተው ጥጡን ከአፋቸው አወጡ፤ ዑግባድ ምን አደረግሽን በሚል ዓይን ስምረት ላይ አፈጠጠች።

ረቡዕ በስምንት ሰዓት ሁለቱም ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሰባተኛው ዘፈን መሐሉ ላይ ተቋረጠ፤ ስምረትን ደስ አላት።