አንድ ኤርፎን ለሁለት

…እንዴት ነው ነገሩ ሰይዶ? ለአረፋ አልመጣም፣ በምትኩ ኤርፎን በሹፌር ልላክልህ ነው የምትለኝ? አዲስ አበባ ከሄድክ ሦስት አረፋ አለፈ እኮ! እናትህ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር አንተን ነው የምትጠይቀኝ። የቱ ዓይነት ይሻልሃል ትላለህ ደግሞ። እሺ፣ ከጠየቅከኝ ልንገርህ።

ያቺን ጆሮ ውስጥ ጥልቅ የምትለዋን ባለ ላስቲክ አትላክ። ከገበያ ገዝቻት ጉድ ሠራችኝ። ድምፅዋስ አይካድም፣ ጥርት ያለ ነው። ዘፋኙ ራስህ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚዘፍን ይመስልሃል። ግን ሌላውን ዓለም ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች። ሽንኩርት እያጠጣሁ ቦዩ ተሰበረ። አሠሪያችን ጋሽ ዘውዴ ከማሳው ዳር ሆነው ይጮሃሉ፣ እኔ አንገቴን እወዘውዛለሁ። የኛም የጎረቤትም ሽንኩርት በውሃ ከተዋጠ በኋላ መጥተው በአካፋ እጀታ ጀርባዬን ነካ አደረጉኝ። ‹ልጄ፣ ሽንኩርት ዋና አይችልም› አሉኝ።

ሁለተኛዋ ላስቲኳ ትልቅ ነው። ለማን ጆሮ እንደሠሯት እንጃ። ላብ ሲነካት ሙልጭ ብላ ትወጣለች። ጎንበስ ስል ቦይ ውስጥ፣ ቀና ስል አንገትጌዬ ውስጥ። ቤዝ አላት ብለውኝ ነበር። ባዶ ጀሪካን ሲደበደብ ሰምተሃል? እሱ ነው ቤዟ። ሰውየው ይዝፈን ያልቅስ አይለይም።

ሦስተኛዋን ደብረ ሲና ወጥቼ ገዛኋት። እዚያ በብርዱ ስሞክራት ልክክ አለች። ደስ ብሎኝ ሮቢት ወረድኩ፣ በሙቀቱ ላስቲኳ ላላ። አሁን ምን ልበላት? ለደገኛ ነው የተሠራችው።

ጥሩ ኤርፎን አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣ የድሮዋ። አትሳቅ!

ትዝ ይልሃል፣ ትምህርቱን ጥለን ጋሽ ዘውዴ ማሳ የገባን ጊዜ? ቀበሌው ሰዉን አንድ ለአምስት ሲያደራጅ እኛ በአንድ ኤርፎን ሁለታችን ተደራጀን። ቀኙ የኔ፣ ግራው ያንተ፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ። ሽቦዋ አጭር ናት፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ሆነን ነው የምንኮተኩተው። አንተ ብትቀድም የኔ ይነቀላል፣ እኔ ብቀድም ያንተ። ጋሽ ዘውዴ ከዳር ያዩንና ‹እነዚህን ልጆች ተመልከቱ! እንደ ጥማድ በሬ እኩል ነው የሚሄዱት› እያሉ ሌላውን ሠራተኛ ይቆጡብናል። ቀንበሩ ጆሯችን ላይ መሆኑን በየት ይወቁት?

አሁን እስከዛሬ ያልነገርኩህን ልንገርህ። አንድ ቀን ዙሁር ልትሰግድ ማንጎው ጥላ ሥር ሄድክ። እኔ የአንተን ግራውን ጆሮዬ ላይ ባደርገው፣ ጭጭ። ነፋሁበት፣ ሽቦውን አጠፍ ዘርጋ አደረግኩት። ሞቷል! ቅድም ራዲዮ ላይ ሰውየው ሲቀልድ እኮ አብረኸኝ ስትስቅ ነበር። ያኔ ገባኝ። ለካ ሰሞኑን ሳቅህ ከኔ ሳቅ ትንሽ ዘግየት የሚለው ፊቴን አይተህ ስለምትስቅ ነው።

ለምን አልነገረኝም ብዬ አሰብኩ። ብትነግረኝ ኤርፎኗ ለአንድ ሰው ትቀራለች። እኔ በራሴ መደብ እሄዳለሁ፣ አንተም በራስህ። እሱን ነው የፈራኸው። እኔም ፈራሁት መሰለኝ፣ ዝም አልኩ። ስትመለስ ግራውን በሸሚዜ ጠርጌ ሰጠሁህ፣ አንተም ቢስሚላህ ብለህ ጆሮህ ውስጥ ከተትከው።

ወሬኛ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ‹ጎል ገባ እኮ! በረኛው ተንሸራቶ!› ‹ይሄ ጋዜጠኛ ደግሞ የሚለውን ሰማህ? ሚስቱ ደውላ በአየር ላይ ተቆጣችው!› እያልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ስለፈልፍልህ፣ ጭራሽ አንተ ትቆጣኛለህ። ‹ተሼ፣ አፍህን ያዝ እንጂ! እኔም ጆሮ አለኝ!›

ሃሎ? ትሰማኛለህ?

ምን? እንደማውቅ ታውቅ ነበር? ‹በሸሚዝህ የጠረግክልኝ ቀን ነቃሁ› ነው የምትለኝ? አንተ አጭበርባሪ! እና ያን ሁሉ ወር ጉሮሮዬ ሲደርቅ አያሳዝንህም?

ኧረ ውሃው ደረሰ! ተራችን ነው፣ ጋሽ ዘውዴ እየተጣሩ ነው። ልዝጋው በቃ። ስማ፣ በሹፌር እንዳትልክ። ለአረፋ ራስህ ይዘሃት ና። የትኛዋን አትበለኝ፣ ሽቦዋ አጭር ትሁን እንጂ የትኛዋም ትሁን። አንድ ጆሮዋ ቢሞትም ግድ የለም። ዘንድሮ የሞተውን እኔ ነኝ የማደርገው፣ ወሬውን አንተ ታወራለህ።