የእንግዳ አከፋፋዩ ቤት

በየመንደሩ አንድ እንግዳ አከፋፋይ አይጠፋም። የመጣን ሰው ጎረቤቱን ሁሉ ካላዳረሰው እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው። ከሆሳዕና ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ተገኘ ናቸው። ማን ሾማቸው? ራሳቸው!

የመንደሩን ሰው አሰባስበው የአስጎብኚ ማህበር ካቋቋሙ ወዲህ አንድ ቱሪስት ለአንድ ቤት ብቻ ደርሶ አያውቅም። ቁርስ አንዱ ቤት፣ እንሰት ሲፋቅ ማየት ሌላው ቤት፣ ምሳ ሦስተኛው፣ አዳር አራተኛው። «ለሁሉም ይድረስ!» ይላሉ።

አንድ ቀንማ ሦስት ሴቶች አታካና ሠርተው ቢጠብቁ አቶ ተገኘ ማንንም ማስቀየም አልሆነላቸውም፤ ምስኪኑን ፈረንጅ ሦስቱም ቤት አስበሉት። አታካና እኮ ቅቤና ወተት የጠጣ ቡላ ነው፤ ቀልድ አይደለም! ሰውዬው ከሦስተኛው ቤት የወጣው በሰው ተደግፎ ነው። ክቡርነታቸው ግን «ወዶት ነው» አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እንግዳ ያላየ ቤት ቢኖር የራሳቸው ነው። ባለቤታቸው ጵርስቅላ ግድግዳውን አስለስና፣ አዲስ ፍራሽ አስገብታ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ክፍሉን ቆልፋ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ግን ባሏ ራሳቸውን እያከኩ ይመጣሉ። «ሮዳስ ላሟ ሞታባት…» «እነ ጠና ልጅ ታሞባቸው…» ጵርስቅላ ገቢውን ባትጠላም፣ ከሁሉ የከፋት ሌላ ነው። የመንደሩ ሴት ሁሉ እንግዳዋን ስትሸኝ እሷ ደጇ ላይ ቆማ ታያለች።

ባለፈው ቅዳሜ ተራዋ ደረሰ። በጠዋት ተነስታ ቤቱን ስትጠርግ ክቡርነታቸው ራሳቸውን እያከኩ ገቡ።

«ጵርስቄ፣ አበራሽ እኮ ባሏን ከቀበረች ገና ሦስት ወሯ ነው…»

«ሰጠሃት?»

«ያው… ለሁሉም ይድረስ ብዬ ነው።»

«እኔስ? ከሁሉም ውስጥ የለሁበትም?» አለችና እንባዋ መጣ። ክቡርነታቸው ራሳቸውን እያከኩ ወደ ጓሮ ወጡ።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አበራሽ ናት፤ ከኋላዋ ሻንጣ ያዘሉ ባልና ሚስት ፈረንጆች ቆመዋል።

«ምሳ እኔ ጋ በልተዋል፤ አዳሩ ያንቺ ነው። ጋሽ ተገኘ ለራሳቸው ቤት ማዳረስ ካቃታቸው እኛ እናዳርስላቸዋለን!»

ጵርስቅላ አበራሽን አቅፋ ሳመቻት። የክፍሉን ቁልፍ ከፈተች። እንግዶቹ ያ ሁለት ዓመት ማንም ያልነካው አልጋ ላይ ሻንጣቸውን ወረወሩት፤ ደስ አላት።

ከዚያ ለአታካናው ወተት ልታመጣ ማጀት ገባች። የራሷ ወተት ዕቃውን ሞልቶ ተቀምጧል። ትንሽ ቆማ አሰበችና ባሏን ጠራቻቸው።

«ጎረቤታችን ሂሩት ዛሬ ምንም አልደረሳትም። ወተቱን ከእሷ ገዝተህ ና።»

«የኛ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ይሙላ! ለሁሉም ይድረስ።»

ክቡር አቶ ተገኘ ጆጋቸውን ይዘው ሮጡ።